ኮረንቲን በእጅ ማመንጨት፦ የማግኔትና የመዳብ ሽቦ ሥራ ከመሠረቱ

ማግኔትን ከመዳብ ሽቦ አጠገብ አስቀምጦ መጠበቅ ምንም ኮረንቲ አያስገኝም። ማግኔቱ የቱንም ያህል ጠንካራ፣ ሽቦውም የቱንም ያህል ረጅም ቢሆን ሁለቱ ሳይንቀሳቀሱ እስከተቀመጡ ድረስ በሽቦው ውስጥ የሚፈስ ነገር የለም። ኮረንቲ የሚገኘው በሽቦው ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት መስክ ሲለወጥ፣ ማለትም ሲጨምር፣ ሲቀንስ ወይም አቅጣጫውን ሲቀይር ብቻ ነው። ይህ ኤሌክትሮማግኔቲክ ኢንዳክሽን የሚባለው ሕግ በደሴና በኮምቦልቻ ሱቆች በራፍ ላይ ከሚሠራው ትንሽ ጄኔሬተር ጀምሮ እስከ ታላላቅ ግድቦች ድረስ አንድ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ ይህንኑ ሕግ በወሎ ከተሞች በቀላሉ በሚገኙ ዕቃዎች ሠርቶ ለማየት፣ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለመረዳትና አጠገቡ ጅረት ያለው ሰው ደግሞ ከውኃው ምን ያህል ኃይል ሊጠብቅ እንደሚገባ ለማስላት የሚረዳ ነው።

ለውጥ የሚለውን ቃል ደጋግሜ የማነሣው መሠረት ስላለኝ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ በለንደን እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1831 ባደረገው ሙከራ በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የተለያዩ የሽቦ ጥቅሎችን ጠመጠመ። በቫርኒሽ የተለበጠ ሽቦ በዚያን ዘመን በገበያ ስላልነበረ ሽቦዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ በመሐላቸው ገመድና የጥጥ ጨርቅ አስገብቶ ነበር። አንደኛውን ጥቅል ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ በሁለተኛው ጥቅል በኩል የተቀመጠችው የኮምፓስ መርፌ ለቅጽበት ተነቃንቃ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ባትሪውን ሲያላቅቅም እንደገና ተነቃነቀች፣ በዚህ ጊዜ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። ባትሪው ተያይዞ በቆየበት ጊዜ ሁሉ መርፌዋ ምንም አልተንቀሳቀሰችም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 17 ቀን ደግሞ ባትሪውን ትቶ የማግኔት ዘንግን ወደ ጥቅል በማስገባትና በማውጣት ብቻ ኮረንቲ አገኘ። እኛም የምንሠራው ይህን ሁለተኛውን ሙከራ ነው።

አስቀድሞ የሚያስፈልገው በቫርኒሽ የተለበጠ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በወልድያ የተቃጠለ የወፍጮ ሞተርና የመስኖ ፓምፕ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ዘንድ ይህ ሽቦ በልዩ ልዩ ውፍረት ይገኛል። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነውን ይጠይቁ፤ ለዚህ ሥራ የሚበቃው 80 ሜትር ያህል ሲሆን ክብደቱ ከ20 ግራም ጥቂት ቢያልፍ ነው። ከተበላሸ የሬዲዮ ትራንስፎርመር ፈትቶ ማውጣትም ይቻላል፤ ነገር ግን የድሮ ሽቦ ሲፈታ ቫርኒሹ ስለሚላጥና ሽቦውም ስለሚበጠስ አዲስ መግዛቱን እመርጣለሁ። ቀጥሎ የመብራት ሽቦ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍበትን፣ የውጭ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይቁረጡ። ማግኔቱ ኒዮዲሚየም የሚባለው ብርማ መልክ ያለው ጠንካራ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ስፋታቸው 10 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክብ ማግኔቶችን ደራርበው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ዘንግ ይሥሩ። የድሮ ድምፅ ማጉያ ጥቁር ቀለበት ማግኔት በቱቦው አይገባም፤ በጥቅሉ ፊት ሲያመላልሱት የመለኪያ መርፌ ያንቀሳቅሳል እንጂ አምፖል ያበራል ብለው ግን አይጠብቁ። ከእነዚህ በተጨማሪ ሁለት ቀይ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ፕላስተርና ቴስተር ያዘጋጁ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ኒዮዲሚየም ማግኔት ያለበትን ሥራ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ሜዳ ላይ ትቶ መሄድ አይገባም። ሕፃን ልጅ ሁለት ማግኔቶችን ቢውጥ በሆድ ውስጥ አንጀትን በመሐላቸው አጣብቀው ሊበሱት ይችላሉ፤ ይህም ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

የጥቅሉ ቦታ በቱቦው መካከል ላይ ሲሆን በቱቦው ርዝመት በኩል የሚይዘው ስፋት ከ18 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ በሁለቱም ጎን ከወፍራም ካርቶን የተቆረጠ ክብ ግድብ ይለጥፉ። የስፋቱ ልክ ያለምክንያት የተመረጠ አይደለም። ጥቅሉ ከማግኔቱ በጣም ከረዘመ ማግኔቱ በጥቅሉ መሐል ሲጓዝ በአንደኛው ጫፍ የሚጨምረው መስክ በሌላኛው ጫፍ ከሚቀንሰው ጋር ይጣፋል፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ሽቦ ጠምጥሞ ጥቂት ቮልቴጅ ማግኘት ይመጣል። ከሽቦው መነሻ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ትተው፣ ሸማኔ ማጉን በቀሰም ላይ እንደሚደውር ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ፣ ሳያላሉም ከመጠን በላይ ሳይወጥሩም 1,200 ዙር ይጠምጥሙ። አቅጣጫውን በፍጹም አይቀይሩ፤ ግማሹ ወደ ቀኝ ግማሹ ወደ ግራ ከተጠመጠመ የሁለቱ ወገን ቮልቴጅ እርስ በርሱ ይሻራል። በየመቶው ዙር ወረቀት ላይ ጭረት ማድረግ ይጠቅማል፤ ቁጥሩ በጥቂት ዙር ቢሳሳት ግን የሚጎድል ነገር የለም። ሲጨርሱ ሌላ 20 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ትተው ጥቅሉን በፕላስተር ያስሩት።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ቫርኒሹ ቀጭንና ግልጽ ስለሆነ ሽቦው ራቁቱን ያለ መዳብ ይመስላል እንጂ በእርግጥ በማያስተላልፍ ልባስ የተሸፈነ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ጫፎች የመጨረሻ 2 ሴንቲ ሜትር በብርጭቆ ወረቀት መሐል ይዘው እያዞሩ ይሳቡ። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ ላይ ቡናማ ዱቄት ይታያል፤ ቀጥሎ ሽቦው ከደበዘዘ ቀይ ወደ ደማቅና ሮዝ ወደሚመስል የመዳብ ቀለም ይለወጣል። በዙሪያው ሁሉ እንዲህ እስኪያበራ ድረስ ይቀጥሉ። ከዚያ ቴስተሩን ኦም መለኪያ ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፎች ይለኩ፤ ከ40 እስከ 50 ኦም ገደማ ካነበበ ጥቅሉ ሳይበጠስ ከዳር ዳር ደርሷል። ቴስተሩ ምንም ካላሳየ ወይ ቫርኒሹ አልተነሣም፣ ወይ ሽቦው መሐል ላይ ተበጥሷል። ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር ከታየ ደግሞ ቫርኒሹ ተልጦ ዙሮቹ እርስ በርስ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ሁለቱን ኤል ኢ ዲዎች የአንደኛው ረጅም እግር ከሌላኛው አጭር እግር ጋር እንዲገጥም አድርገው ጎን ለጎን ያያይዟቸው፤ ከዚያም ከጥቅሉ ሁለት ጫፎች ጋር ያገናኟቸው። ኤል ኢ ዲ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ በዚህ አያያዝ አንደኛው ሲበራ ሌላኛው ይጠፋል፤ የኮረንቲውን አቅጣጫ ያለ ምንም መለኪያ በዓይን የምናነበውም በዚህ ነው። ማግኔቱን ወደ ቱቦው አስገብተው ሁለቱን አፎች በጥጥና በፕላስተር ይዝጉ፣ ክፍሉን ጨለም ያድርጉ፣ ቱቦውንም ወደ ላይና ወደ ታች ፈጠን አድርገው ይወዝውዙ። አምፖሎቹ እየተፈራረቁ ብልጭ ብልጭ ይላሉ።

ይህን ሲያዩ ወዲያው ወደ ሌላ ሥራ አይለፉ፤ ትምህርቱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ማግኔቱን በጥቅሉ መሐል አቁመው ቱቦውን አያንቀሳቅሱ፤ መስኩ እጅግ ጠንካራ የሆነው በዚህ ቦታ ቢሆንም ሁለቱም አምፖሎች ጠፍተዋል። በጣም በዝግታ ያንቀሳቅሱት፤ አሁንም ጨለማ ነው። ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ የሆነ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ብርሃን ይጀምራል። ጥቅሉን ከአምፖሎቹ አላቀው ከቴስተር ጋር ቢያገናኙ ደግሞ ዲጂታሉ ቴስተር በሰከንድ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሚያነብ ቁጥሩ ያለ ሥርዓት ሲዘልል ያያሉ፤ ይህ የቴስተሩ ብልሽት አይደለም። ባለ መርፌ ቴስተር ያለው ሰው የተሻለ ያያል፤ ከድሮ ቴፕ ላይ የሚወጣው የድምፅ ልክ የሚያሳየው ባለ መርፌ መለኪያም ለዚህ ጥሩ ያገለግላል።

አምፖሎቹ የሚፈራረቁበት ምክንያት እንዲህ ነው። ማግኔቱ ወደ ጥቅሉ ሲገባ የማግኔት ፍሰቱ፣ ማለትም በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት መስክ መጠን ይጨምራል፤ ሲወጣ ይቀንሳል። መጨመር በአንድ አቅጣጫ፣ መቀነስ በተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋል። በመዳብ ውስጥ ከአቶም ወደ አቶም በነፃነት የሚንሸራሸሩ ኤሌክትሮኖች አሉ፤ የማግኔት ፍሰቱ ሲለወጥ በጥቅሉ ዙሪያ የሚሽከረከር የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራልና እነዚህን ኤሌክትሮኖች ሽቦውን ተከትለው እንዲጓዙ ይገፋቸዋል። መንገዱ በአምፖሉ በኩል ዞሮ ስለተገናኘ ግፊቱ ኮረንቲ ይሆናል፤ መንገዱ ሳይገናኝ ቢቀር ግን ቮልቴጁ በጫፎቹ መካከል ይኖራል እንጂ ምንም አይፈስም።

የቮልቴጁን መጠን ለማስላት የዙሩን ብዛት በፍሰቱ ለውጥ ማባዛትና ለውጡ በፈጀው ጊዜ ማካፈል ነው። የማግኔታችን ፍሰት 0.00005 ዌበር (የማግኔት ፍሰት መለኪያ) ነው ብንል፣ ጥቅሉ 1,200 ዙር ቢኖረው፣ ማግኔቱም በሰከንድ 1 ሜትር ተጉዞ 2 ሴንቲ ሜትሩን በ0.02 ሰከንድ ቢያልፍ፣ 1,200 ሲባዛ በ0.00005 ሲካፈል በ0.02 አማካይ ውጤቱ 3 ቮልት ይሆናል። ቀይ ኤል ኢ ዲ ለመብራት 1.8 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ ይበቃዋል፤ ነጩ ግን ወደ 3 ቮልት ስለሚጠጋ ጠንክረው ካልወዘወዙ በስተቀር ይለግማል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ቮልቴጁ 1.5 ይሆናልና ቀዩም ይጠፋል። በዝግታ ሲንቀሳቀስ ጨለማ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ስሌት እንደሚታየው አንድ ዙር ብቻ የሚሰጠው 0.0025 ቮልት ነው፤ ሞተር ጠቅላዮች ዙር ሲቆጥሩ የሚጠነቀቁት ያለ ነገር አይደለም።

እስካሁን የቮልቴጁን ነገር አየን፤ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ግን አልተነካም። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሄንሪክ ሌንዝ እ.ኤ.አ. በ1834 እንዳስቀመጠው በጥቅሉ ውስጥ የሚፈጠረው ኮረንቲ ሁልጊዜ የራሱን ምክንያት የሚቃወም ነው። ማግኔቱ ሲገባ ጥቅሉ ራሱ ማግኔት ሆኖ ይገፋዋል፤ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይስበዋል። ይህን በዓይን ለማየት የቱቦውን አፎች ከፍተው፣ ቱቦውን ቀጥ አድርገው አቁመው ማግኔቱን አንድ ጊዜ የጥቅሉ ጫፎች ሳይገናኙ፣ ሌላ ጊዜ ተገናኝተው ይልቀቁት፤ ሲገናኙ አወዳደቁ ጥቂት ይዘገያል። ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይ ከፈለጉ አንድ ሜትር የሚሆን ማግኔቱ ሳይነካው የሚያልፍበት የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ለምሳሌ ክፍት አፍ ያለው የመጋረጃ ዘንግ ይፈልጉ። አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም፤ ሆኖም ማግኔቱ በውስጡ ሲወድቅ በቱቦው ግድግዳ ላይ የሚዞር ኮረንቲ ስለሚፈጥር ከተጠበቀው እጅግ ዘግይቶ በታችኛው አፍ ይወጣል።

ይኸው ተቃውሞ በየቀኑ በጆሯችን የምንሰማው ነው። መብራት ጠፍቶ ባለሱቁ ጄኔሬተሩን ሲያስነሣ ሞተሩ ቀለል ባለ ድምፅ ይዞራል፤ ፍሪጁ ወይም የብየዳው ማሽን በተሰካበት ቅጽበት ግን ድምፁ ይወፍራል፣ ሞተሩም ያቃስታል፣ ቤንዚኑንም ይበልጥ ይስባል። በጥቅሎቹ ውስጥ የሚፈሰው ኮረንቲ ስለጨመረ የሚዞረውን ማግኔት የሚይዘው ኃይልም ጨምሯል። ጄኔሬተር ኤሌክትሪክን ከምንም አይሠራም፤ የቤንዚኑን፣ የውኃውን ወይም የክንዳችንን ሥራ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። በዚህ ምክንያት በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉትን፣ በማግኔት ብቻ ያለ ነዳጅ ለዘላለም ይዞራል የሚባልለትን ማሽን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ልጆቻችን እንዳያምኗቸው በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል። እንዲህ ያለ ማሽን የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ ብዙ ብልህ ወጣት ጊዜውንና ገንዘቡን በከንቱ አፍስሶበታል።

የሠራነው ቱቦ አቅሙ ትንሽ ነው። በ2 ቮልት 10 ሚሊ አምፔር ቢሰጥ ኃይሉ 0.02 ዋት ሲሆን፣ ስልክ ደግሞ በ5 ቮልት 1 አምፔር ሲሞላ 5 ዋት ይወስዳል፤ ልዩነቱ 250 እጥፍ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ማግኔቱን ከማመላለስ ይልቅ ማዞር ይሻላል። የብስክሌት ዳይናሞ የሚሠራው ይህንን ነው፤ ጎማው በሚያዞረው ማግኔት 6 ቮልትና 3 ዋት ይሰጣል። ማግኔቱ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሰሜንና ደቡብ ጫፉ በጥቅሉ ፊት ስለሚፈራረቁ የሚወጣው ኮረንቲ ተለዋዋጭ ነው። በአገራችን መስመር ላይ ያለው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ አንድ ጥንድ የማግኔት ጫፍ ያለው ጄኔሬተር በደቂቃ 3,000 ዙር መዞር አለበት፤ ሁለት ጥንድ ያለው 1,500 ይበቃዋል። የግድብ ተርባይን፣ ማለትም ውኃ የሚያዞረው መዘውር፣ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ብዙ ጥንድ ጫፎች ይሰጡታል፤ በእነዚያም ውስጥ የሚዞረው ማግኔት በኮረንቲ የሚሠራ ኤሌክትሮማግኔት ነው። ከወሎ ደጋ የሚነሣው በሽሎ ወደ ዓባይ ስለሚገባ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የህዳሴ ግድብ ተርባይኖች ላይ የእኛም ዝናብ ድርሻ አለው። ቦርከናና ሚሌ ግን ወደ አዋሽ ነው የሚወርዱት።

ኮረንቲው ተለዋዋጭ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልቱን ወደ 380 እና 220 የሚያወርደው በፋራዳይ የብረት ቀለበት መንገድ ነው፤ ቀጥተኛ ኮረንቲ ቢሰጡት መስኩ አይለወጥምና ምንም አያወጣም። ይህን በቤት ለመሞከር የሚነሣሣ ሰው የሬዲዮ ትራንስፎርመርን በባትሪ ቢነካካው ባትሪው በሚላቀቅበት ቅጽበት በ220ው ወገን ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ እንደሚነሣ ይወቅ፤ ጫፎቹን በባዶ እጅ አይያዝ። የግድግዳ ሶኬትና የምሰሶ ትራንስፎርመር በምንም ዓይነት የሙከራ ዕቃ አይደሉም።

ከቤቱ አጠገብ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ጅረት ያለው ሰው ጄኔሬተር ከመግዛቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ይለካ። አንደኛው የውኃው መጠን ነው፤ ውኃውን ወደ አንድ ቦይ ሰብስቦ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ያያል። በ4 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 5 ሊትር ነው። ይህ ልኬት በክረምት ሳይሆን በበጋው መጨረሻ፣ ውኃው በሚያንስበት ጊዜ መደረግ አለበት። ሁለተኛው ውኃው የሚወርድበት ቁልቁለት ሲሆን ርዝመቱ ሳይሆን ቀጥ ያለ ከፍታው ነው የሚለካው፤ ውኃ የሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ እንደ ግንበኞች ውኃ ልክ አድርጎ እርከን በእርከን መለካት ይቻላል። ሊትሩን በሜትሩ፣ ውጤቱንም በ9.8 ቢያባዙ ዋቱን ያገኛሉ፤ 5 ሊትር ከ10 ሜትር ቢወርድ 490 ዋት ይሆናል። ከዚህ ግማሽ ያህሉ በቧንቧው፣ በተርባይኑና በጄኔሬተሩ ይባክናል ብለው ይያዙ፤ የሚቀረው ወደ 245 ዋት ለጥቂት ቤቶች የኤል ኢ ዲ መብራትና ስልክ መሙያ ይበቃል እንጂ የእንጀራ ምጣድ አያግልም።

በዚህ ሥራ ላይ የሌንዝ ሕግ አደጋም አለው። ሁሉም ሰው ማታ መብራቱን አጥፍቶ ሲተኛ በጄኔሬተሩ ጥቅሎች የሚፈሰው ኮረንቲ ይቆማል፤ ኮረንቲው ሲቆም የሚዞረውን ማግኔት የሚይዘው ተቃውሞም ይጠፋል፣ ውኃው ግን መግፋቱን ይቀጥላል። ተርባይኑ ከመጠኑ በላይ ይፈጥናል፣ ቮልቴጁም ከፍ ይላል፤ ሳይጠፋ የቀረውን አምፖል ያቃጥላል፣ ኩሽኔታውንም ይጎዳል። ስለዚህ ከመብራቶቹ ጎን ለጎን የውኃ ማሞቂያ ዘንግ በውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ተተክሎ ጭነት ሲቀንስ ትርፉን ኮረንቲ የሚቀበል መቆጣጠሪያ ይገጠም፤ ይህ ሳይገጠም ውኃው ወደ ተርባይኑ አይለቀቅ።